ያው ክኒን፣ ሌላ ልክ፦ ቫይረስ ሲይዘን ጉበት መድኃኒትን ለምን ያዘገያል?

እ.ኤ.አ. በ1980 የቢ ዓይነት ኢንፍሉዌንዛ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ የሲያትል ከተማ በምትገኝበት በኪንግ አውራጃ በተዛመተ ጊዜ፣ የአስም ሕመም ያለባቸው 11 ልጆች በገዛ መድኃኒታቸው ተመረዙ። መድኃኒቱ የመተንፈሻ ቱቦን የሚያሰፋው ቴኦፊሊን ሲሆን፣ ልጆቹ በተወሰነላቸው ልክ ያለ ችግር ሲወስዱት የቆዩ ነበሩ። ልኩ አልተጨመረም፤ የተለወጠው የልጆቹ ሰውነት ነበር። በ1982 የታተመው የሐኪሞቹ ዘገባ እንደሚያስረዳው፣ ኢንፍሉዌንዛው በያዛቸው ቀናት ሰውነታቸው ቴኦፊሊንን የሚያስወግድበት ፍጥነት ስለቀነሰ፣ እስከዚያ ድረስ ተስማሚ የነበረው መጠን ከልክ በላይ ሆነባቸው።

ሐኪሞችና የፋርማሲ ባለሙያዎች ይህን ጉዳይ ካወቁት ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስደው ሰው ግን እምብዛም አልሰማውም። ኮቪድ-19 ከመጣ ወዲህ በጉዳዩ ላይ አዳዲስ ጥናቶች ስለተሠሩ፣ አሠራሩን ከሥር መሠረቱ ማየቱ ጠቃሚ ነው።

ብግነት ሲባል ምን ማለት ነው?

ጣታችን ተቆርጦ ቦታው ሲቀላ፣ ሲሞቅ፣ ሲያብጥና ሲጠዘጥዘን የምናየው ነገር ብግነት ይባላል፤ አንዳንዶች “የሰውነት መቆጣት” ይሉታል። ብግነት ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን ሰውነት ለጉዳት ወይም ለወራሪ ተሕዋስያን የሚሰጠው ምላሽ ነው። ቫይረስ በሚይዘን ጊዜ ግን ምላሹ በአንድ ቦታ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ሳይቶካይን የተባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ወደ ደም ይለቃሉ፤ ከእነዚህ መካከል ኢንተርሉኪን-6 እና ኢንተርፌሮን ይገኙበታል። ትኩሳቱ፣ ቁርጥማቱ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋቱና ድካሙ በአብዛኛው የእነዚህ መልእክተኞች ሥራ እንጂ ቫይረሱ በቀጥታ ያደረሰው ጉዳት አይደለም።

መልእክቱ ከሚደርሳቸው የአካል ክፍሎች አንዱ ጉበት ነው። በላቦራቶሪ ውጤት ላይ “ሲአርፒ” ተብሎ የሚጻፈው ፕሮቲን ጉበት ለዚህ መልእክት የሚሰጠው መልስ ሲሆን፣ በጤናማ ሰው ደም ውስጥ እጅግ ትንሽ የሆነው ይህ ፕሮቲን በከባድ ብግነት ጊዜ መቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊጨምር ይችላል። ሐኪሙ ሲአርፒ ሲያዝ የሚፈልገው በሰውነት ውስጥ ያለውን የብግነት መጠን ለመገመት ነው።

በጤና ጊዜ መድኃኒት ከሰውነት የሚወጣው እንዴት ነው?

ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ ያለው በርሜል እናስብ። በየቀኑ ሁለት ጀሪካን ውሃ ይጨመርበታል፤ በቀዳዳውም በቀን ሁለት ጀሪካን ያህል ስለሚፈስ የውሃው ከፍታ አንድ ቦታ ላይ ይረጋል። የሚጨመረው ውሃ በየቀኑ የምንወስደው መድኃኒት ነው፤ የረጋው ከፍታ በደማችን ውስጥ የሚገኘው የመድኃኒት መጠን ነው፤ ቀዳዳው ደግሞ በአብዛኞቹ መድኃኒቶች ረገድ ጉበት ነው። ሐኪም “ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ” ብሎ ሲያዝ የቀዳዳውን ስፋት አብሮ ገምቶ ነው። ቀዳዳው በግማሽ ቢደፈንና ውሃው በዚያው ልክ መጨመሩ ቢቀጥል፣ ከፍታው ቀስ በቀስ እያደገ ወደ እጥፍ ይጠጋል።

የጉበት ቀዳዳ የተሠራው ኢንዛይም ከሚባሉ ፕሮቲኖች ነው። ኢንዛይሞች መድኃኒቱን ይሰባብራሉ ወይም በሽንትና በሐሞት በኩል እንዲወጣ አድርገው ይለውጡታል። ከእነዚህ ውስጥ ዋነኛው “ሳይቶክሮም ፒ450” የተባለው ቤተሰብ ሲሆን አባላቱ የሚለዩት በቁጥርና በፊደል ነው። 3ኤ4 የሚባለው እጅግ ብዙ መድኃኒቶችን ያስወግዳል። 1ኤ2 የሚባለው ቴኦፊሊንን፣ ክሎዛፒን የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት፣ እንዲሁም በቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን ይሰባብራል። እንግዲህ በጽኑ ጉንፋን የተያዘ ሰው እንደ ልማዱ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ ሌሊቱን ዓይኑ ፈጥጦ ቢያድር፣ ጥፋቱ የቡናው ብቻ ላይሆን ይችላል።

ቫይረሱ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው፤ ጉበትን ምን አገናኘው?

በጉዳዩ ውስጥ በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ኢንፍሉዌንዛ ወይም ኮቪድ-19 የመድኃኒት ማስወገጃውን ለማዘግየት የጉበትን ሕዋስ መውረር አያስፈልገውም። ጉበቱ አልታመመም፤ የተለመደው የጉበት ምርመራም ደህና ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የሆነው ነገር ጉበቱ ሥራ መቀየሩ ነው።

በድሮ ዘመን ክተት ሲታወጅ የአንጥረኛው ቤት ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ሰውየው ያው ነው፤ ወናፉም መዶሻውም ያው ነው፤ ነገር ግን ማረሻና ማጭድ መሥራቱን ትቶ ጦር ወደ ማሾል ይዞራል። ማረሻው ያለቀበት ገበሬ ዘመቻው እስኪያበቃ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ጉበትም የሳይቶካይኖቹ አዋጅ ሲደርሰው ሲአርፒንና ሌሎች ለውጊያው የሚያገለግሉ ፕሮቲኖችን በብዛት ማምረት ይጀምራል፤ በአንጻሩ የመድኃኒት ማስወገጃ ኢንዛይሞችን ማምረቱን ይቀንሳል።

በሕዋስ ደረጃ ሲታይ፣ ኢንተርሉኪን-6 በጉበት ሕዋስ ገጽ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ ምልክቱ ወደ ሕዋሱ እምብርት ይተላለፋል፤ በዚያም ኢንዛይሞቹ የሚሠሩበት የዘረመል መመሪያ የሚነበብበት ድግግሞሽ ይቀንሳል። ቀድሞ የተሠሩት ኢንዛይሞች ወዲያውኑ አይጠፉም፤ ነገር ግን እያረጁ ሲወገዱ ተተኪ አያገኙም። ስለዚህ የማስወገድ አቅሙ የሚዳከመው ትኩሳቱ በጀመረበት ሰዓት ሳይሆን በቀጣዮቹ ቀናት ውስጥ ነው፤ ትኩሳቱ ሲበርድም በዚያው ቅጽበት አይመለስም።

እ.ኤ.አ. በ1976 ተመራማሪዎች የአይጦች ሰውነት ኢንተርፌሮን እንዲያመርት የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮችን ሲሰጡ የጉበታቸው ሳይቶክሮም ፒ450 እንደሚቀንስ አሳይተው ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ቴኦፊሊን በመተንፈሻ አካላት የቫይረስ ሕመም ጊዜ በሰው ደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚቆይ ተዘገበ። የሲያትሎቹ ልጆች የታመሙት ይህ ሁሉ ከታተመ በኋላ ነው።

በሰው ላይ የሚቀንሰው ምን ያህል ነው?

በኮቪድ-19 ወቅት ስዊዘርላንድ ውስጥ የተደረገ አንድ ጥናት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ይሰጣል። ተመራማሪዎቹ ሆስፒታል ለተኙ 28 ሕሙማን እያንዳንዳቸው በተለያየ ኢንዛይም የሚወገዱ በጣም ጥቂት መጠን ያላቸው መድኃኒቶችን በአንድ ላይ ሰጡ፤ ከመካከላቸውም ካፌይን ነበረበት። ሕሙማኑ ካገገሙ በኋላ ልኬቱ ተደገመ። በሕመሙ ጊዜ የ1ኤ2 ሥራ በግማሽ ያህል፣ የ2ሲ19 በሦስት አራተኛ ያህል፣ የ3ኤ ደግሞ በሩብ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። 2ሲ9 እና 2ቢ6 የተባሉት ግን እንዲያውም ጨምረው ታዩ።

“በሕመም ጊዜ ጉበት ይዘገያል” የሚለው አነጋገር እውነት ቢሆንም ያልተሟላ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ መድኃኒት በብግነት ጊዜ በደም ውስጥ መጠራቀም አለመጠራቀሙን የሚወስነው በየትኛው በር እንደሚወጣ ነው።

በዚያው ወረርሽኝ መጀመሪያ ላይ፣ ለኤችአይቪ የተሠራው ሎፒናቪር ለኮቪድ-19 ይረዳ እንደሆነ ሲሞከር ሌላ ነገር ተስተዋለ። በኮቪድ ሕሙማን ደም ውስጥ የተገኘው የሎፒናቪር መጠን ያንኑ ልክ በሚወስዱ የኤችአይቪ ሕሙማን ከሚታየው በግልጽ ከፍ ያለ ነበር፤ ሲአርፒው ከፍ ያለበት ሰው የመድኃኒቱ መጠንም ከፍ ብሎ ይገኝ ነበር። የኢንተርሉኪን-6ን ሥራ የሚያግደው ቶሲሊዙማብ ሲሰጥ ደግሞ የሎፒናቪሩ መጠን ወረደ። አዋጁን የሚያውጀው ማን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት ከባድ ነው።

ታዲያ ጉንፋን በያዘን ቁጥር መድኃኒታችን ይመርዘናል ማለት ነው?

አይደለም። አብዛኞቹ መድኃኒቶች በሚጠቅመው መጠንና በሚጎዳው መጠን መካከል ሰፊ ርቀት ስላላቸው፣ ለጥቂት ቀናት ቢጨምሩም ጉዳት አያስከትሉም። ቀላል ጉንፋንም የሚያስነሳው ብግነት አነስተኛ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ነው፤ ብግነቱ ጠንከር ያለ ሲሆንና በሽተኛው የሚወስደው መድኃኒት በሚጠቅመውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ሲሆን።

ቴኦፊሊንና የቅርብ ዘመዱ አሚኖፊሊን ከእነዚህ መካከል ናቸው። ለሌሎች መድኃኒቶች እምቢ ላለ ስኪዞፍሬኒያ የሚታዘዘው ክሎዛፒን ሌላው ነው፤ በኢንፌክሽን ጊዜ መጠኑ በጣም ከፍ ብሎ ከባድ ድብታ፣ የምራቅ መብዛት፣ ሲከፋም የሚጥል ሕመም ዓይነት መንቀጥቀጥ ያስከተለባቸው ሕሙማን በተደጋጋሚ ተዘግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ወዲህ በአገራችንም የሚታወቀው ታክሮሊመስ፣ ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት እንዳይገፋው የሚሰጥ፣ በ3ኤ4 የሚወገድና መጠኑ በየጊዜው በደም ምርመራ የሚለካ መድኃኒት ነው፤ ተቅማጥ የሚያመጣ ሕመም ሲጨመር በአንጀት ግድግዳ ላይ ያለው የማስወገጃ ክፍል ስለሚጎዳ ወደ ደም የሚገባው መጠን ከፍ ይላል።

ዋርፋሪን ከሁሉም የተወሳሰበ ነው። በቁርጥማት ሳቢያ በመጣ የልብ ሕመም ሰው ሠራሽ የልብ በር የተገጠመላቸው ብዙ ወጣት ኢትዮጵያውያን ዕድሜ ልካቸውን የሚወስዱት የደም ማቅጠኛ ነው። ትኩሳት ሲኖር ደም የሚያረጉት ፕሮቲኖች ቶሎ ቶሎ ያልቃሉ፤ ምግብ ሲቀነስ ከጎመንና ከመሰል አትክልት የሚገኘው ቫይታሚን ኬ ይጎድላል፤ በደም ውስጥ ዋርፋሪኑን ተሸክሞ የሚዞረው አልቡሚን የተባለው ፕሮቲንም ይቀንሳል። ስለዚህ ዋናው የዋርፋሪን ማስወገጃ 2ሲ9 ባይዳከም እንኳ ደሙ ከሚፈለገው በላይ ሊቀጥን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ አሳሳች ነገር አለ። የቴኦፊሊን መመረዝ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ ራስ ምታትና የልብ ምት መፍጠን ያስከትላል፤ የክሎዛፒን መጠራቀም ድካምና እንቅልፍ ያመጣል። ይህን ያየ ቤተሰብ “ጉንፋኑ ጠናበት” ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የመድኃኒቱ ጉዳት በሕመሙ ስም ተሸፍኖ የሚያልፈው በዚህ መንገድ ነው።

በደም ምርመራ ከፍ ብሎ ከተገኘ መመረዝ ማለት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። በደም ውስጥ ያለ መድኃኒት ሁለት ወገን ነው፤ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ የሚጓዝና ነጻ የሆነ። ሥራ የሚሠራውም ጉዳት የሚያደርሰውም ነጻው ብቻ ነው። በብግነት ጊዜ ጉበት በብዛት ከሚያመርታቸው ፕሮቲኖች አንዱ የአንዳንድ መድኃኒቶችን አብላጫ ክፍል ይዞ ያስቀራል። የተለመደው የላቦራቶሪ ምርመራ ግን የታሰረውንና ነጻውን ደምሮ ነው የሚለካው።

የዚህ ጥንታዊ ምሳሌ ከቫይረስ ሳይሆን ከወባ የተገኘ ነው፤ ብግነቱ ግን በዚህ ረገድ ተመሳሳይ ነው። ስሙ በአማርኛ “ክኒን” ሆኖ ለእንክብል ሁሉ መጠሪያ የሆነው ኩዊኒን፣ በከባድ ወባ በተያዘ ሰው ደም ውስጥ ከፍ ብሎ ይገኛል። ያው መጠን በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ቢገኝ የመመረዝ ምልክት በታየ ነበር፤ በሕመምተኛው ላይ ግን አብዛኛው ስለታሰረ ነጻው ክፍል ያን ያህል አይጨምርም። ክሎዛፒንና ሎፒናቪርም ከዚሁ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃሉ። ሐኪም ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን በሽተኛውንም የሚያየው፣ ምልክቱን ጠይቆ የሚወስነው ለዚህ ነው።

ሌላ መድኃኒት ሲጨመርስ?

የመተንፈሻ ሕመም ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ አዲስ መድኃኒት ይታዘዝለታል። ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን የተባሉት ፀረ ባክቴሪያዎች 3ኤ4ን በራሳቸው ያግዳሉ፤ ቴኦፊሊንንም ከፍ ያደርጋሉ። ለኮቪድ-19 የሚሰጠው ፓክስሎቪድ በውስጡ ሪቶናቪር አለው፤ ሪቶናቪር የተጨመረው 3ኤ4ን ሆን ብሎ በመዝጋት አጋሩ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ እንዲቆይ ለማድረግ ነው። በብግነት የጠበበው ቀዳዳ ላይ ይህ ሲታከል፣ በተለይ ታክሮሊመስ በሚወስድ ሰው ላይ፣ መጠኑ በአደገኛ ሁኔታ ሊያሻቅብ ይችላል።

ኩላሊትም የራሱ ድርሻ አለው። ትኩሳት፣ ማስታወክና ተቅማጥ ውሃ ሲያሳጡ፣ በኩላሊት በኩል የሚወጡት እንደ ሊቲየም (የአእምሮ ሕመም መድኃኒት) እና ዲጎክሲን (የልብ መድኃኒት) ያሉ መድኃኒቶች ይጠራቀማሉ። ለቁርጥማቱ ከፋርማሲ የሚገዛው ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ሊቲየምን የበለጠ ከፍ ያደርጋል፤ ዋርፋሪን ከሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ የመድማት አደጋን ያባብሳል።

መድኃኒቱ የሚደክምበት ጊዜም አለ?

አለ። አንዳንድ መድኃኒቶች የሚዋጡት ገና ሥራ ባልጀመሩበት መልክ ሲሆን፣ ወደ ሥራ የሚያስገባቸው ጉበት ነው። የደም መርጋትን ለመከላከል የሚሰጠው ክሎፒዶግሬል በ2ሲ19 እየተለወጠ ስለሚሠራ፣ ይህ ኢንዛይም ሲዳከም ጥቅሙ ሊያንስ ይችላል።

በተጨማሪም ሰዎች ከመነሻው እኩል አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት 2ዲ6 የተባለውን ኢንዛይም የሚሠራው ዘረመል ተደጋጋሚ ቅጂ ስላላቸው የሕመም ማስታገሻውን ኮዴይንን የመሰሉ መድኃኒቶችን እጅግ በፍጥነት ይለውጣሉ። በስዊዘርላንዱ ጥናት 2ዲ6 ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም፤ በሌሎቹ ኢንዛይሞች ረገድ ግን በዘሩ ፈጣን የሆነ ሰው በሕመሙ ቀናት እንደ ዘገምተኛ ሊሆን ይችላል። የዘረመል ምርመራ የሚነግረን የበርሜሉን ቀዳዳ የተፈጥሮ ስፋት እንጂ ዛሬ በጭቃ መደፈኑን አይደለም።

የዘወትር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በሕመም ጊዜ ምን ያድርግ?

ከሁሉ በፊት በራሱ ውሳኔ መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም፤ ታክሮሊመስን ያቋረጠ ሰው የተተከለለትን ኩላሊት ሊያጣ፣ ዋርፋሪን ያቋረጠ ሰው በልቡ በር ላይ ደም ሊረጋበት ይችላል። ከላይ ከተጠቀሱት መድኃኒቶች አንዱን የሚወስድ ሰው ትኩሳቱ ከጠና ወይም ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ለሚከታተለው ሐኪም ወይም ለፋርማሲ ባለሙያው ማሳወቁ፣ የደም ምርመራውም ቀደም እንዲል መጠየቁ ተገቢ ነው። አዲስ መድኃኒት ሲገዛ የሚወስደውን ሁሉ፣ ለምች የጠጣውን ዳማከሴና በብዛት የበላውን ነጭ ሽንኩርት ጭምር፣ ሳያፍር መናገር አለበት። ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ሲኖረው፣ መድኃኒቱ ነጭ የደም ሕዋሳትን ሊቀንስ ስለሚችል፣ ለዚህም ሲባል በፍጥነት መታየት ይኖርበታል።

ሲሻለንስ?

ብግነቱ ሲበርድ አንጥረኛው ወደ ማረሻው ይመለሳል፤ ኢንዛይሞቹም በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ወደ ቀድሞ መጠናቸው ይደርሳሉ። በሕመሙ ምክንያት የተቀነሰ ልክ በዚያው ተረስቶ ከቀረ፣ አሁን ደግሞ መድኃኒቱ ከሚፈለገው በታች ይሆናል። ይኸው ነገር ለረጅም ጊዜ የቆየ ብግነት በሕክምና ሲጠፋም ይታያል። የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸው ሰዎች ቶሲሊዙማብ አንድ ጊዜ ተሰጥቷቸው ከሳምንት በኋላ ሲለኩ፣ ኮሌስትሮል የሚቀንሰው ሲምቫስታቲን በደማቸው ውስጥ 57 በመቶ ያህል ወርዶ ተገኝቷል። ከሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ የተፈወሱ ዋርፋሪን ተጠቃሚዎችም ልካቸው እንደገና መለካት እንዳለበት የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ያሳስባሉ።

በክሎዛፒን ረገድ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የሲጋራ ጭስ 1ኤ2ን ያበረታታል፤ በሕመሙ ጊዜ ማጨስ ያቆመ ሰው በብግነቱ ላይ ይህኛውንም ማበረታቻ ስለሚያጣ የመድኃኒቱ መጠን በሁለት በኩል ይጨምርበታል። ድኖ ማጨሱን ሲቀጥል ደግሞ መጠኑ በሁለት በኩል ይወርዳል፤ ስለዚህ ልኩን የሚያስተካክለው ሐኪም ትኩሳቱ መቼ እንደለቀቀው ብቻ ሳይሆን ሲጋራውን መቼ እንደጀመረም ይጠይቀዋል።